ፈንታነሽ ዝቅ አድርጋ የሰቀለቻቸው ዓይኖች

ስለ ፈንታነሽ ከመናገሬ በፊት ስለ ራሴ ጥቂት ልበል፤ አለበለዚያ የሠራችው ሥራ ክብደቱ አይታያችሁም። ደብረ ታቦር ዳር ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ስሙን ብተወው ይሻላል፣ ካርድ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ካርድ ክፍል ሲባል ካርድ ማውጣትና መመለስ ብቻ ይመስላችኋል። የእኔ ዋና ሥራ ግን ሰው መፈለግ ነበር። ሐኪሙ "እገሌ የሚባለው በሽተኛ ይምጣ" ይላል፤ እገሌ አልጋው ላይ የለም። ከሕንፃው ጀርባ ፀሐይ ይሞቃል፣ ወይም ላቦራቶሪ መስሎት ራጅ ክፍል በር ላይ ተሰልፏል፣ ወይም የአገሩን ሰው አግኝቶ የሌላ ሰው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስለ ገብስ ያወራል። ያን ጊዜ "ይሻው ይጠራ" ይባላል፤ ይሻው እኔ ነኝ። ግቢው መሃል ቆሜ ጉሮሮዬን ጠርጌ ስጣራ "ድምፅህ እኮ ጋፋት ድረስ ይሰማል" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። እኔ እንደ ሹፈት አልወሰድኩትም፤ እኮራበት ነበር።

እንግዲህ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሜትሮኗ ሰብስበው "ከአሁን በኋላ ሰው የሚፈለገው በባጅ ነው" ሲሉን ደሜ ፈላ። ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ በሽተኛና ሠራተኛ የክብሪት ቀፎ የምታህል ባጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ባጇ በሰው ዓይን የማይታይ ብርሃን ብልጭ ታደርጋለች። በየክፍሉ ኮርኒስ ላይ የተሰቀለው መቀበያ ያን ብልጭታ ያይና በሽቦ ወደ ኮምፒውተር ይልከዋል፤ ካርድ ክፍል ባለው ስክሪን ላይ የሰውየው ስም ካለበት ክፍል ጋር ይወጣል። መቀበያውን ሁሉም "ዓይን" አለው። እኔ "ሰላይ" ነበር የምለው። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበትን ጉሮሮ በክብሪት ቀፎ ሊተኩት መጡ ብዬ ሦስት ቀን ምሳ አልበላልኝም።

በአራተኛው ቀን ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ሴት መሰላል ላይ ቆማ አየሁ። ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ንዴቴን የምወጣበት ሰው አገኘሁ ብዬ ቀረብኩና "አንቺ ልጅ፣ ኤሌክትሪክ ሠሪው የት ሄዶ ነው አንቺ እዚያ ላይ የምትንጠላጠዪው?" አልኳት።

ድሪሏን አቁማ ቁልቁል አየችኝ። ፀጉሯ ላይ የኮርኒስ ዱቄት ተነስንሶበታል።

"ኤሌክትሪክ ሠሪዋ እኔ ነኝ ጋሼ። የጠፋው መሰላል ያዥ ነው። ይልቅ እርስዎ ይያዙልኝ።"

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ያዝኩላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠላሁትን ሥራ መሰላል ይዤ ሳሠራ ኖርኩ።

ፈንታነሽ ማሩ የእብናት ገበሬ ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ፣ አግብታ፣ ፈትታ፣ የሁለት ዓመት ልጇን ትዝታን ለእናቷ ለወይዘሮ ወርቅነሽ ትታ ዓረብ አገር ሄደች። እዚያ ስድስት ዓመት በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ጽዳት ሠራች። ስትመለስ ትዝታ ስምንት ዓመቷ ነው። ልጅቱ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ ለአንድ ሰዓት ያህል አፈጠጠችባትና በመጨረሻ አያቷን "ይቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትሄደው?" ብላ ጠየቀቻት። ፈንታነሽ ይህን ስትነግረኝ መሰላሉ ላይ ነበረች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የነገረችኝ።

ከዚያ ደብረ ታቦር ቴክኒክና ሙያ ገብታ ሁለት ዓመት ኤሌክትሪክ ተማረች። ትዝታ አሁን አሥር ዓመቷ ነው፤ እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ እብናት በሄደች ቁጥር፣ ቦርሳዋን ገና ሳታወርድ፣ ያችኑ ጥያቄ ትጠይቃታለች፦ "መቼ ነው የምትሄጂው?" ለሰኞ ሥራ ወደ ደብረ ታቦር መመለሷን አይደለም የምትጠይቀው። ዓረብ አገርን ነው። ጥያቄዋም ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ የፈንታነሽ ቪዛ ወጥቷል። የባጁን ሥራ ያገኘችው ለሦስት ወር ብቻ በኮንትራት ነው። ሆስፒታሉ ሲስተሙን በሰላም ከተረከበ ቋሚ ቴክኒሻን አድርጎ ይቀጥራታል፤ ካልተረከበ ግን ዕቃው ተነቃቅሎ ለሌላ ከተማ ይሰጣል። ርክክቡ ኅዳር መጨረሻ፣ አርብ ነው። ኤጀንሲው ደግሞ "ሰኞ አዲስ አበባ ካልደረስሽ ቪዛሽ ለሌላ ይሰጣል" ብሏታል። አርብና ሰኞ፤ የሴትዮዋ ዕጣ በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ተሰንቅሮ ነበር።

አለቃዋ ኢንጂነር ታምራት ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ላፕቶፑን እንደ ጽላት ተጠንቅቆ የሚይዝ ወጣት። መጥፎ ልጅ አይደለም። ብርዳችን ግን በመጣ በማግስቱ ጣለው፤ አፍንጫው እንደቀላ ነው ሥራው ያለቀው። ኮምፒውተሩ ላይ ክፍሎቹን "ብሎክ ሁለት ሲ ሦስት" እያለ ሞላቸው። ፈንታነሽ ስክሪኑን አየችና "ይህን ስም እዚህ ማን ያውቀዋል?" ብላ አንድ በአንድ ቀየረችው፤ "ወንዶች ቀዶ ሕክምና"፣ "ራጅ"፣ "መርፌ ክፍል"። ከሕንፃው ጀርባ ጣራው ጫፍ ሥር አንድ ዓይን ሰቅላ ስሙን "ፀሐይ መሞቂያ" አለችው። ያንን ሳይ ሳልወድ ሳቅሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የማውቀውን ቦታ በሦስት ሳምንት አወቀችው።

ቀጥሎ ፍተሻ ነበር። እኔ ስክሪኑ ዘንድ እቀመጣለሁ፤ እሷ አንዲት ባጅ ይዛ በየክፍሉ በየጥጉ ትዞራለች። መስታወት በር ባለበት ቦታ ብልጭታው ወደ ጎረቤት ክፍል እያለፈ ሁለት ቦታ ያሳያት ነበር፤ እኔ በመስኮት "አሁን ልብስ ማጠቢያ ነሽ! አይ፣ ማዋለጃ ነሽ!" እያልኩ እጮሃለሁ፣ እሷ ዓይኑን ታዞራለች። ጉሮሮዬ ሥራ አልፈታም ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ታዘብኩ። ባጇን በእጇ ትይዛለች እንጂ አንገቷ ላይ አታንጠለጥልም።

"ምነው አንገትሽ አይችላትም?" አልኳት።

"አንገቴ ስድስት ዓመት ተሸክሟል ጋሼ። ይበቃዋል።"

ዓረብ አገር የጽዳት ሠራተኞቹ ሁሉ እንዲህ ያለ ባጅ ነበራቸው። መጸዳጃ ቤት ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆዩ፣ ወይም ደረጃ ላይ ትንሽ ከተቀመጡ፣ ተቆጣጣሪዋ ስልክ ትደውላለች። ስለዚህ ነው እንግዲህ በፕላኑ ላይ የጽዳት ሠራተኞቹ ሻይ የሚጠጡባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ዓይን እንዲሰቀል ታዝዞ ሳለ፣ ፈንታነሽ ፕላኑን ለታምራት መልሳ "እዚህ አልሰቅልም" ያለችው። ታምራት እያስነጠሰ ነበር። "በርክክቡ ቀን ከተጠየቅን መላሿ አንቺ ነሽ" አላትና አለፈ።

ርክክቡ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ለአርባ በሽተኞችና ለሠራተኛው በሙሉ ባጅ ታደለ። በመጀመሪያው ከሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር እንደ ሰዓት ሠራ። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስክሪኑን ስከፍት ግን ሆስፒታሉ ባዶ ነው። አርባው በሽተኛ የለም። "ሰው ጠፍቷል፣ ሰው ጠፍቷል" እያለ ኮምፒውተሩ ይጮሃል። ሮጬ ዋርዱን ሳይ ሁሉም አልጋቸው ላይ ናቸው። አምስት ሰዓት ገደማ አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ብቅ ብቅ አሉ፤ ቀትር ላይ ሁሉም ተገኙ። አመሻሽ ላይ እንደገና ጠፉ። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው።

ታምራት መብራቱ ነው አለ፤ ጄኔሬተር ቀየሩ። ባትሪው ነው አለ፤ አርባ ባትሪ ቀየሩ። ሽቦውን ፈትቶ መልሶ አሰረ። ውሸት አልናገርም፣ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ግቢው መሃል ቆሜ እንደ ድሮዬ ስጣራ ድምፄ ራሱ የጠራልኝ መሰለኝ።

ረቡዕ ጠዋት ፈንታነሽ ካርድ ክፍል መጥታ ከጎኔ ተቀምጣ ባዶውን ስክሪን ታያለች። ፊቷ አመድ መስሏል። የኔ ስም ብቻ "ይሻው፣ ካርድ ክፍል" ይላል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ መስኮቱ ላይ ጤዛው ረግቶ በረዶ ሆኗል። ጋቢዬን ከትከሻዬ ሳብ አደረግሁና እስከ አገጬ ተጠቀለልኩ።

"ጋሼ!" ብላ ከወንበሯ ብድግ አለች። "ጠፉ!"

"ማን ጠፋ?"

"እርስዎ! እስቲ ጋቢዎን ይግለጡት።"

ገለጥኩት፤ ስሜ መጣ። ተጠቀለልኩ፤ ትንሽ ቆየና ስሜ ጠፋ። ፈንታነሽ ሳቋ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ከዚያ ያው እንባ የእውነት ሆነ።

"እኛ ሆን ብለን እንዲህ እናደርግ ነበር" አለችኝ። "ሲደክመን ባጇን በመዳፋችን ጭምቅ እናደርጋታለን። ብርሃኗ ከተሸፈነ አንታይም ማለት ነው። አሥር ደቂቃ እናርፍና መዳፋችንን እንከፍታለን። ስድስት ዓመት የሠራሁትን ተንኮል እንዴት ረሳሁት? ይኸው አገሬው ሁሉ ሳያውቀው በጋቢ ይሠራዋል።"

በእርግጥም ያ ነበር። ታምራት የለመደው ባጁን ከኮቱ ላይ የሚያንጠለጥል ሰው ነው። የእኛ ሰው ባጁን አንገቱ ላይ ያደርጋል፣ ከላይ ጋቢውን ይደርባል፤ ፀሐይ ሲበረታ ጋቢው ይወርዳል፣ ሰውየውም ይገኛል።

ረቡዕ ከሰዓት ፈንታነሽና ጽዳት ሠራተኛዋ እቴነሽ መርፌና ክር ይዘው የአርባ በሽተኛ ባጅ ጋቢና ነጠላ ላይ ከውጭ በኩል ሲሰፉ ዋሉ። ማታ ሁሉም ስም ስክሪኑ ላይ በራ። ታምራት ሳይቀር ፈገግ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ግን ስክሪኑ ላይ አያ ደሴ ሲሮጡ አየሁ። አያ ደሴ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ በሬ ጥሏቸው እግራቸው ተሰብሮ እስከ ጭናቸው ጄሶ ታስሯል። ስክሪኑ ግን "ደሴ፣ ኮሪደር" ይላል፣ ወዲያው "ደሴ፣ ዋና በር" ይላል፣ ከዚያ የሉም። እኔና ታምራት እየተጋጨን ወደ በሩ ሮጥን። ጋቢው አለ፤ ከሥሩ ያለው ግን የአያ ደሴ አማች ሙላቴ ነው። አያ ደሴ አልጋቸው ላይ በአንድ አንሶላ ተኮራምተው አገኘናቸው።

"ጋቢዎን ምነው ሰጡት?" አለ ታምራት በንዴት።

"ገበያ ሊወጣልኝ ነው" አሉ አያ ደሴ። "እንዲህ ያለ ብርድ ላይ የሚወጣን ሰው ጋቢዬን አልሰጥህም ልበለው? እናንተስ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?"

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አንዲት አራስ ወንዶች ቀዶ ሕክምና ውስጥ ታየች፣ አንድ ቄስ ደግሞ ማዋለጃ ገቡ ተባለ። ሰዎቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው፤ የሚዞረው ጋቢው ነው። በዚህ አገር ጋቢ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ የዋለበት ቀን እንደሌለ እኛው ሁላችን እያወቅን እንዴት እንዳላሰብነው እስካሁን ይገርመኛል። ታምራት ስልኩን አወጣና አዲስ አበባ ደወለ። "ቅዳሜ መኪና ላኩልኝ፣ ዕቃውን እንነቅላለን" ሲል ፈንታነሽ አጠገቡ ቆማ ሰማች። ሄዳ የወንዶች ዋርድ በር ዳር ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

የልቤ ደስታ ያን ጊዜ የት እንደገባ አላውቅም። ይቺ ሴት ሰኞ ልትሄድ ነው ብዬ አሰብኩ። "ነይ ሻይ ልግዛልሽ" ብዬ ወደ እሷ ስሄድ፣ እጇን አንስታ ዝም ይበሉ አለችኝ። በሩን ነው የምታየው።

ከፀሐይ መሞቂያው የሚመለስ አንድ በሽተኛ እስከ አፍንጫው ተጠቅልሎ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ጋቢውን ከራሱና ከትከሻው ወደ ደረቱ ዝቅ አደረገ፣ ጎንበስ አለና ለዋርዱ ሁሉ "እግዜር ይማራችሁ!" አለ። ከየአልጋው "አሜን፣ አብሮ ይማረን" ተባለ። ከዚያ መልሶ ተጠቅልሎ ወደ አልጋው ሄደ። ቀጥሎ ሌላው መጣ፤ ቆም፣ ዝቅ፣ ጎንበስ፣ "እግዜር ይማራችሁ!" ከዚያ አንድ አስታማሚ፣ ከዚያ አንዲት ሴት ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ። ተጠቅልሎ የሕመምተኛ ክፍል መግባት ነውር ነው፤ ይህን የማያውቅ ማን አለ? እኔም በቀን ሃምሳ ጊዜ ነው የማደርገው፤ አድርጌው ግን አይቼው አላውቅም።

"ቆጠርኩ ጋሼ" አለች ፈንታነሽ ቀስ ብላ። "አሥራ ዘጠኝ ሰው ገባ። አንድም ሰው ተሸፍኖ አላለፈም። ሁሉም በሩ ላይ ደረታቸው ይታያል።"

ታምራትን በክንዱ ይዛ አመጣችው። እንዲህ ነው ያስረዳችው። ባጁ ወደ አንገታቸው ይመለስ፤ አንገት አይዋዋሱም። ዓይኖቹ ኮርኒስ ላይ ሆነው ጎንበስ ያለ ሰው ደረት አይታያቸውም፤ ስለዚህ ይውረዱና ከበሩ ፊት ለፊት፣ በወገብ ልክ ግድግዳው ላይ ይሰቀሉ። ባጇ በአሥር ሰከንድ አንዴ ነው ብልጭ የምትለው፤ ሰላምታው በሦስት ሰከንድ ያልቃል፤ በየሰከንዱ ብልጭ እንድትል ትደረግ። ባትሪው ቶሎ ቢያልቅ እሷ ትቀይራለች። መጨረሻው ደግሞ ኮምፒውተሩ አንድ ደቂቃ ያላየውን ሰው "ጠፍቷል" እያለ መሰረዙን ይተው።

"ሲስተሙ በዓለም ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው" አለ ታምራት። "ያልታየ ሰው የለም ማለት ነው።"

"እዚህ ያልታየ ሰው የበረደው ሰው ነው" አለች። "መጨረሻ የታየበት ክፍል ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከዚያ ወጥቶ ሌላ ክፍል ከገባ ደግሞ በሩ ላይ ሰላም ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ እናየዋለን። ስሙን አትሰርዘው። የታየበትን ክፍልና ሰዓቱን ጻፍለት።"

ታምራት አፍንጫውን ጠረገ። በሩን አየ። አንድ ሽማግሌ መጥተው ቆሙ፣ ጋቢያቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ጎንበስ ብለው "እግዜር ይማራችሁ" አሉ። ታምራት ላፕቶፑን ከፈተ።

ያን ቀን አሥራ አራት ዓይን ከኮርኒስ ወርዶ ግድግዳ ላይ ተሰካ። "ዛሬ መሰላል አያስፈልገንም ጋሼ፣ ዕረፍት ይውሰዱ" ስትለኝ ትንሽ ቅር ብሎኝ ሽቦ ያዝኩላት። እቴነሽ የግድግዳውን ብናኝ ከኋላችን እየጠረገች ተከተለችን። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጨረስን። ፈንታነሽ ጣቶቿ ቆስለው ነበር።

አርብ ጠዋት ደብረ ታቦርን ጉም ውጧት ነበር። ለፈተና ከዚህ የከፋ ቀን አይገኝም፤ ውሻ እንኳ ጋቢ ቢያገኝ ይለብስ ነበር። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሰብሳቢዋ ዶክተር ኤሌኒ ናቸው፤ ቁጥብ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሡ፣ ሁላችንም የምንፈራቸው። ፈተናው ይህ ነው፦ እኔ የበሽተኛውም የሠራተኛውም ካርድ ከተቀላቀለበት ሳጥን አሥር ሳላይ አወጣለሁ፤ ፈንታነሽ ስክሪኑን አይታ ያለበትን ትናገራለች፤ ነርስ ሄዳ ታረጋግጣለች። ከአሥሩ አንድ እንኳ ካልተገኘ ርክክብ የለም።

የመጀመሪያውን ካርድ አወጣሁ። የማን ይሁን? የአያ ደሴ።

"ራጅ ክፍል፣ ከሦስት ደቂቃ በፊት ገብተዋል" አለች ፈንታነሽ።

ነርሷ ሄዳ ተመለሰች። "ራጅ ክፍል ናቸው፤ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው" አለች።

ሁለተኛው ላቦራቶሪ፣ አለ። ሦስተኛዋ ማዋለጃ፣ አለች። አራተኛው በዚያ ጉም ፀሐይ ትወጣለች ብሎ ተስፋ አድርጎ ፀሐይ መሞቂያ ተቀምጦ ተገኘ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ስምንተኛው የሌላ ሰው አልጋ ላይ ሲጫወት ተያዘ፤ እንደ ድሮው ቢሆን ለእሱ ብቻ ግማሽ ሰዓት እጮህ ነበር። ዘጠነኛው አንድ ሐኪም ነው፣ እሱም ተገኘ። ታምራት እጁን እያፋተገ ነው። እኔ በእናታችሁ፣ ለተቃወምኩት ሥራ በልቤ ስእለት ተሳልኩለት።

አሥረኛው ካርድ ከሠራተኞቹ ወጣ፤ እቴነሽ፣ ጽዳት።

ፈንታነሽ ስክሪኑን አየችና ቀጥ አለች። "ኮሪደር፣ ከስድስት ደቂቃ በፊት" ይላል። ነርሷ ሄዳ መጣች። "ኮሪደሩ ላይ የለችም።"

ታምራት ዓይኑን ጨፈነ።

"የት ናት?" አሉ ዶክተር ኤሌኒ።

ፈንታነሽ "አላውቅም፣ ትንሽ ይጠብቁኝ" ማለት ትችል ነበር። ሮጣ ልትጠራትም ትችል ነበር። ቀና ብላ ቆመች።

"ሻይ ክፍላቸው ውስጥ ናት። እዚያ ዓይን የለም።"

"ፕላኑ ላይ ነበረ።"

"ነበረ። እኔ ነኝ ያልሰቀልኩት።" "ዶክተር፣ እኔ በሌላ አገር ይህን ባጅ ስድስት ዓመት አንገቴ ላይ አድርጌ ወለል ጠርጌያለሁ። ስቀመጥ ይታወቅብኛል፣ ሳለቅስ ይታወቅብኛል። በሽተኛ ሲጠፋ መፈለግ ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ሴቶች ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥተው ነው የሚመጡት፤ አሥር ደቂቃ ሻይ ሲጠጡ ማንም አይያቸው። ሥራውን ባትረከቡን እንኳ እዚያ ክፍል አልሰቅልም።"

ከጎኗ ቆሜ ሰኞን አሰብኩ፤ ትዝታን አሰብኩ። ይቺ ሴት አብዳለች አልኩ። ወዲያው ደግሞ በዕድሜዬ ከማንም አፍ እንዲህ ያለ የጀግና ቃል እንዳልሰማሁ ገባኝ።

ዶክተር ኤሌኒ ሰዓታቸውን አዩ። "ሻይዋን መቼ ትጨርሳለች?"

"አሁን" አለች ፈንታነሽ። "ስትጨርስ ይህን ኮሪደር ሳታጸዳ አታልፍም፤ ቀጥሎ ካርድ ክፍሉን ማጽዳት ተራዋ ነው።"

"እንግዲያው እንጠብቃት።"

አራት ደቂቃ ጠበቅን። ለእኔ የሁዳዴ ጾም ያህል ረዘመብኝ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ የባልዲ ድምፅ ተሰማ። እቴነሽ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ በሩ ላይ ደረሰች፤ ኮሚቴውን ስታይ ደነገጠች። ባልዲዋን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ወደ ወገቧ ሳበች፣ ጎንበስ ብላ "እንዴት አደራችሁ!" አለች።

ስክሪኑ ላይ "እቴነሽ፣ ካርድ ክፍል" የሚል ወጣ።

"አሥር" አሉ ዶክተር ኤሌኒ። እስክሪብቷቸውን አወጡና ፈረሙ። ከዚያ ፕላኑን አስመጥተው በሻይ ክፍሏ ላይ ያለችውን ክብ በዚያው እስክሪብቶ ሰረዙና ፈንታነሽን "ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ነይ፣ የቅጥር ደብዳቤሽን ትወስጃለሽ" አሏት።

እቴነሽ ነገሩ ሲገባት እልልታዋን አቀለጠችው። የሴቶች ዋርድ ተቀበላት፣ ማዋለጃው ቀጠለ፤ ለምን እንደሆነ አንዳቸውም አያውቁም፣ ግን እልል ለማለት ማን ምክንያት ይጠይቃል። አያ ደሴ በቃሬዛ ከራጅ ሲመለሱ "ማን ወለደ?" እያሉ ይጠይቁ ነበር። ታምራት ስልኩን አውጥቶ "መኪናውን መልሱት፣ የሚነቀል ዕቃ የለም" አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሁላችንም እንድንሰማው።

ግርግሩ ሲበርድ ፈንታነሽ ከእኔ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ባዶ ባጅ አነሣች። ስሟን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች፣ ባጇን መዳፏ ላይ ጥቂት ያዘቻትና አንገቷ ላይ አጠለቀቻት። ከዚያ ኤጀንሲው ዘንድ ደውላ "ቪዛውን ለሌላ ሰው ስጡት" አለች፤ በዚያ በኩል የሚናገረውን ሳታስጨርስ ዘጋችው። ቀጥላ እብናት ደወለች። ያነሣችው ትዝታ ናት፤ የልጅቱ ድምፅ እኔ እስከተቀመጥኩበት ይሰማል።

"እማ? ነገ ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ።"

"መቼ ነው የምትሄጂው?"

"አልሄድም።"



"በማርያም በይ" አለች ትዝታ።

"በማርያም" አለች ፈንታነሽ፤ ከዚያ በላይ መናገር ስላቃታት ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠረግሁና "በማርያም አትሄድም!" ብዬ እብናት ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጮህኩላት።